ለአምስት መቶ ካርድ የተላኩ ሽማግሌዎች

«ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ፊትሽ ግን ደንበኛ ያባርራል» አሉኝ።

ያሉኝ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴው ናቸው። ሱቄ መጥተው አንዲት ወረቀት አሥራ አራት ኮፒ እያስደረጉ ነበር።

«ፊቴን አልቀይረውም ጋሼ፤ ቀለሙን ግን ትናንት ቀይሬዋለሁ» አልኳቸው። አልሳቁም። ከማሽኑ ትኩስ ትኩሱን ከሚወጣው ወረቀት አንዱን ወደ እኔ አዙረው «አንብቢው፣ ያንቺ ነው» አሉ።

ሱቄ ንፋስ መውጫ፣ ከሚኒባስ ተራው ፊት ለፊት ነበረች። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ የጥሪ ካርድ አትማለሁ። ችግሩ በዚያው ረድፍ እንደኔው ኮፒ የሚያደርጉ ሦስት ሱቆች መኖራቸው ነው። መብራት ሲጠፋ አራታችንም በር ላይ ቁጭ ብለን እንተያያለን፤ ሲመጣም ያው እንተያያለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር፣ ስማዳ ያለው አባቴ አንድ ዓመት ሰጠኝ። «ለፋሲካ ሱቁ ራሱን ከቻለ ቻለ፤ ካልቻለ ዘግተሽ ትመጫለሽ» አለኝ። እዚያ የሚጠብቀኝ የገብስ አረምና «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚል ጥያቄ ነበር። አረሙ ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማኅበር ሕግ ነው። ጋሼ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄደው ነው ያመጡት። ነጋዴዎች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ለሌላው ደንበኛ ይፈልግለታል፤ ላኪው ከላከው ሰው ላይ ምንም አይቆርጥም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለእሱ ይላክለታል። ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ሁለት በያጅ የለም፣ ሁለት ፀጉር ሠሪ የለም። ሳይተካ ሁለት ጊዜ የቀረ ወንበሩን ያጣል። እንግዳ መጥቶ ማየት ይችላል፤ ከዚያ ወይ ይገባል ወይ ይሄዳል።

«የወረቀት ሥራ ወንበር ባዶ ነው» አሉኝ ጋሼ። «ከጎረቤቶችሽ ሁለቱ ጠይቀውኛል። አንቺን ያስቀደምኩሽ ቅርብ ስለሆንሽ ነው። እስከ ፋሲካ በማኅበሩ በኩል አንድ ትልቅ ሥራ ከመጣልሽ፣ አንቺም ለሰው ካመጣሽ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለአንዳቸው እሰጣለሁ።»

ፋሲካ ከየአቅጣጫው መጣብኝ።

ስብሰባው ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሻይ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ነበር። ለምን በዚያ ብርድ እንደሆነ ስጠይቅ «ሕጉ ነው» ተባልኩ። ጋሼ ራሳቸውን እንደ ጽዋ ማኅበር አለቃ «ሙሴ» አሰኝተው ነበር። በስም መጠራራትም ከልክለዋል፤ ሰው በሥራው እንዲታወስ ነው። ስለዚህ ገና ሲነጋ «ፀጉር፣ እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማር፣ እንዴት አደሩ?» እየተባባልን እንገባለን። እኔ «ወረቀት» ነበርኩ።

«ማር» ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ አሁን ማር ይነግዳሉ። ሰዓት ጠባቂም እሳቸው ናቸው፣ ፊሽካው ከትምህርት ቤት ስለተረፋቸው። ሁሉም ሰው ተነሥቶ ሥራውንና የሚፈልገውን ደንበኛ ለአንድ ደቂቃ ይናገራል፤ ደቂቃዋ ስታልቅ ይነፋል። ጧፍና የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሸጡት መምሬ ገና «በስመ አብ» ብለው ጀምረው፣ ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ትንሽ እንደተናገሩ ፊሽካው ይነፋል፤ ጧፍ ላይ ደርሰው አያውቁም። በያጁ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው። «በር እሠራለሁ» ይልና ሊቀመጥ ሲል «ደቂቃህ አላለቀችም!» ይሉታል ማር። ቆሞ ይቀራል። እኛ እናየዋለን፣ እሱ ጣሪያውን ያያል፣ እስኪነፋ።

ፀጉር ሠሪዋ ጎኔ ነበር የምትቀመጠው። «ምን ዓይነት ደንበኛ ነው የምትፈልጊው? ለይተሽ ተናገሪ» ሲሏት «ፀጉር ያላት» ብላ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልሠራም። ንፋስ መውጫ ውስጥ ለሰው «ጎበዝ በያጅ አለ» ብትለው «አውቀዋለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በር አልፈልግም» ነው የሚልህ። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ባዶ እጅ መምጣት ደግሞ አይቻልም። ምን አደረግን? እርስ በርሳችን ተላላክን። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሹሩባ ተሠራሁ። መምሬ ምን እንደሚሰቅሉበት ሳያውቁ ግማሽ ኪሎ ሚስማር ገዙ። በያጁ የልደት ሰርተፊኬቱን ሃያ ቦታ ኮፒ አስደረገ። «ለምን ሃያ?» ብለው «ላንቺ ብዬ ነው» አለኝ፤ እኔም ላሚኔት አደረግሁለት።

ጋሼ ይህን ሲያዩ ተቆጡ። «ይኼ ማኅበር ነው ወይስ ዕቁብ? ደንበኛ ከውጭ ይምጣ!» አሉ። ትንሽ አሰቡና ከባሕር ዳሩ ወረቀት ላይ የሌለውን ነገር ያኔ ነው ያመጡት። «በኛ አገር ከሰው ቤት አንድ ነገር የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል?»

መምሬ «ሽማግሌ ይልካል» አሉ። በዚያ ጠዋት የተናገሯት ብቸኛ አጭር ነገር እሷ ነበረች።

እንዲህ ተጀመረ። ጋሼ፣ መምሬና ማር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ በተመረጠው ሰው ደጃፍ ይቆማሉ። ሰውየው «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላል። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላሉ። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ደም የፈሰሰ ወይም ልጅ የተጠየቀ ይመስለዋል። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ለበያጁ ልጃችን አንድ በር ያዝዙለት ዘንድ ነው» ይላሉ።

እምቢ ያለ የለም። ሦስት ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ጎረቤት በአጥር እያየ፣ ማን እምቢ ይላል? ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ በጉን ሸጦ የብረት በር አሠራ። የሚገጥምበት ቤት የለውም። በሩን ከግንድ አስደግፎ አቆመው፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወጡ ሰዎች እየቆሙ ያዩለት ነበር፤ አንዳንዱም አንኳኩቶ ያልፋል። ራሰ በራ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ተልከው መጡ። «ምን ልሥራልዎት አባባ?» ብትላቸው «እኔም አላወቅሁ ልጄ፤ ቃል ገብቻለሁ» አሏት። አጠበችላቸው።

ጨዋ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ወግ ነው። «ከዘመድ ልማከር፣ በሳምንቱ ተመለሱ» ይላል። ለአንድ ኪሎ ማር ሁለት ጊዜ የተመላለሱበት ቤት አለ።

በመጨረሻ ተራው ለእኔ ደረሰ። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰንብቷል። ተነሥቼ «የምፈልገው ደንበኛ የእህል ነጋዴው ናቸው» አልኩ። ማንን እንዳልኩ ሁሉም ገባው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከፋሲካ በኋላ ይድራሉ፤ አምስት መቶ የጥሪ ካርድ ያስፈልጋቸዋል፤ እንደ ሀብታሞቹ ሁሉ ደብረ ታቦር ሊያሳትሙት ነው። ያ ሥራ ሱቄን ያቆማታል። ወንበሩንም ያሰጠኛል። የካርድ ናሙና ቀድሜ መጋዘናቸው ድረስ ወስጄ ለጸሐፊያቸው ትቼላቸው ነበር።

ሽማግሌ የተላከለት ሰው አብሮ አይገባም። ስለዚህ ሦስቱም ቀን እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የጠበቅሁት። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ «ከቤትዎ የምንለምነው ነገር ነበረን» ሲሉ ነጋዴው አቋረጧቸው። «አውቄዋለሁ፤ አትጨርሱት። ልማከር፤ በሳምንቱ ኑ።» ጋሼ ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነበር። «ናሙናሽን አይተውታል፤ እንዲያውም አውቄዋለሁ አሉ!» አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ደግማችሁ ኑ» ተባሉ። «ይከበሩበታል፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አሉ ማር።

በሦስተኛው ሳምንት ቶሎ አልወጡም። ሽሮ ሸተተኝ፤ የምርቃት ድምፅ ሰማሁ፤ «አሜን» ሲባል እኔም በአጥሩ ውጭ ሆኜ «አሜን» አልኩ። ሲወጡ ግን ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ሰጡን?» አልኳቸው።

«ሰጡ» አሉ ጋሼ።

«አምስት መቶውን?»

መምሬ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ።

«ምንድን ነው የሰጡት ጋሼ?»

«ታናሺቱን ልጅ» አሉ።

የሆነው ይኼ ነው። ነጋዴው ትልቋን ሊድሩ ነው፤ ታናሺቱ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ናት፤ ሦስት ሽማግሌ መስቀል ይዞ በራቸው ላይ ሲቆም ሌላ ምን ያስባሉ? ተማክረው «ፈቅጃለሁ» አሉ። መምሬ መረቁ። ተበላ። እጅ ሲታጠቡ ነው ነጋዴው «እንግዲህ የታናሺቱም ሠርግ ከእህቷ ብዙ አይርቅም፤ ልጁንም አምጡና እንየው። ሥራው ምንድን ነው?» ያሉት።

«እና ምን አላችሁ?»

ማር አንገታቸውን አከኩ። «ከማኅበራችን ያላገባ ወንድ አንድ ብቻ ነው። በያጅ ነው አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።»

«ለካርድ ነው የመጣነው አትሏቸውም ነበር?»

«ከመረቅሁ በኋላ?» አሉ መምሬ። በጣም ተናደዱብኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በያጁ ነገሩን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ደቂቃውን ጨረሳት። «እኔ የጠየቅሁት የፍርግርግ በር የሚፈልግ ሰው ነው! ሚስት አልጠየቅሁም! ጥያቄዬን የመዘገባችሁበት ወረቀት ላይ እዩ፣ ፍርግርግ ነው የሚለው!»

«የተላከን ነገር አልቀበልም ማለት በሕጉ አይቻልም» አሉ ጋሼ።

«እሱ ደንበኛ ነው እንጂ!»

«ሙሽራስ ምንድን ነው? እስኪ ተረጋጋና አስብ። ሠርግ ማለት ምን ማለት ነው? ማር ለጠጁ። ፀጉር ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ። ጧፍ ለመምሬ። ለአዲስ ቤት ቆርቆሮና ሚስማር ከእኔ። በሩን ራስህ ትሠራለህ። ይኼ ማኅበር ከተቋቋመ እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶለት ያውቃል?»

ሰው ሁሉ ሲያሰላ ይታየኛል።

ፀጉር ሠሪዋ «መልኳ ደግሞ ቆንጆ ነው» አለችው።

«እ?» አለ በያጁ። ተቀመጠ።

«ላንቺም» አሉኝ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «የአንድ ሠርግ አልነበር የፈለግሽው? አማች ከሆንን እምቢ አይሉንም፤ የሁለት ሠርግ ካርድ አገኘሽ። ወንበርሽም አለ።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስለ ልጅቷ አንድም ነገር አላሰብኩም። ሱቄ ገብቼ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩና የሁለተኛውን ካርድ ንድፍ ጀመርኩ፤ ጽጌረዳ አልወድም፣ ግን ጽጌረዳ አደረግሁበት።

ከሁለት ቀን በኋላ ታናሺቱ ራሷ ሱቄ መጣች። በፋርማሲ ዲፕሎማ ይዛለች፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ማስረጃዋን ኮፒ ልታደርግ ነው። ማሽኑ እስኪሞቅ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ በጽጌረዳ መሐል ስሟ የተጻፈበት ካርድ ላይ ወደቀ።

«ይቺ ሙሽራ እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ሽማግሌ መምጣቱን ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። የሙሽራው ቦታ ባዶ ነው፤ ማን ነው?»

«በያጁ ነው።»

«የትኛው? የእኛን የበረት በር ገልብጦ የገጠመው?»

«እሱ።»

«ወዶኝ ነው?»

«ኧረ እሱ በር ነው የፈለገው።»

ከዚህ በኋላ መመለስ አልተቻለም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጋሼ ወረቀት ጀምሬ እስከ መምሬ ምርቃት። ሳቀች። ማሽኑን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በአምስት መቶ ካርድ ፋንታ እኔ!» እያለች። ከዚያ ቀጥ አለች።

«አባቴ አንዴ ቃል ሰጥቷል። እኔ ብነግረው ማግባት ስላልፈለገች ነው የፈጠረችው ይላል። አንቺ ንገሪው።»

«እኔማ ከነገርኩ ወንበሬን አጣለሁ።»

የተቀመጥኩበትን ኩርሲ አየችው። «ይኼን?»

እሱን ማለቴ እንዳልሆነ ላስረዳት ስጀምር ለራሴም አስጠላኝ። ኮፒዋን ሰጠኋት፤ ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። እሷ ወደ ቤት፣ እኔ ወደ አባቷ መጋዘን።

ነጋዴው ስንዴ በመዳፋቸው ይዘው እፍ እያሉ ያዩ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስንዴውን ወደ ጆንያው መለሱት።

«እስኪ ድገሚልኝ። ሦስት ጊዜ የተመላለሱት፣ መስቀል ይዘው፣ አልቀመጥም ብለው የቆሙት ለካርድ ነው?»

«አዎን።»

«ለወረቀት?»

«ጥሩ ወረቀት እኮ ነው። ጠርዙ ወርቃማ ነው።»

«ልጄን ስሰጣቸው፣ ኧረ እኛ ወረቀቱ ይሻለናል ነው የሚሉኝ?»

«እንደሱ አላሉም። አፍረው ነው ዝም ያሉት።»

«ልጄ ከወረቀት አነሰች?»

ልጅቷን መስጠታቸው አይደለም የቆጫቸው። አለመጠየቃቸው ነው። «አሁንማ ይወስዷታል!» አሉ። ወዲያው ደግሞ «አንድ ፍሬ ልጅ አይሰጣቸውም!» አሉ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። በመጨረሻ «ሽማግሌ እልክባቸዋለሁ» ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

ላኩም። ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባው ገና ሲጀመር ሦስት ሽማግሌ ሻይ ቤቱ ጓሮ ገብተው ቆሙ። «ተቀመጡ» ተባሉ። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። የእኛዎቹ ተያዩ፤ ያቺን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሟት የመጀመሪያቸው ነበር። ማር ፊሽካቸውን አውጥተው «እንግዳ አንድ ደቂቃ አለው» ሲሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ በደቂቃ አልናገርም» አሉ። ፊሽካው ኪስ ገባ።

ነጋዴው የላኩት ቃል ይህ ነው፦ ቤታቸው ተዋርዷል፤ መላ ይፈለግ።

መላው ሲፈለግ ረፈደ። ሻይ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። በመጨረሻ ጋሼና ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር ላይ ተገናኙ፣ ሁሉም «ድንቅ ነው» አለ። ሽማግሌ የተላከው ለካርድ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ለልጅቷ ነው ይባል። እንዲያ ከሆነ ነጋዴው አልተናቁም፣ ማኅበሩም ወረቀት ለመለመን መስቀል አላስያዘም። በያጁ ደግሞ የሩቅ ሥራ አግኝቶ ሄደ ይባልና ነገሩ ይቀራል። የካርዱ ወሬ ደግሞ እኔ በልጅቷ ቀንቼ የፈጠርኩት ነው ይባላል።

«አንቺ ብቻ ዋሽቻለሁ በይ» አሉኝ ጋሼ። «እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት። አንዲት ቃል ናት። ካርዱንም ይሰጡሻል፤ እኔ ራሴ ዋስ ነኝ። ወንበሩን ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ።»

«አምስት መቶውን ሙሉ» አሉ ሽማግሌው።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቷል።

«ልጅቷስ?» አልኩ።

«ልጅቷ ምን ትሆናለች?»

«ተትታ የቀረች ትባላለቻ። ተመርቆላት፣ ተበልቶላት፣ ወንዱ ጥሏት ሄደ ይባላል።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው» አሉ መምሬ። «ሰው ይረሳል።»

«እዚህ ከተማ? እስከ ዛሬ የዚያን ገበሬ በር እየሄደ የሚያንኳኳ ሰው አለ መምሬ።»

በያጁ ሳቀ፤ ጋሼ ሲያዩት ተወው። ፀጉር ሠሪዋ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አንቺ፣ በይና ገላግዪን። ማን ያስታውሰዋል? ሱቅሽን አስቢ።»

«አልዋሸሁም» አልኩ።

«መዋሸትሽን አልጠየቅንሽም» አሉ ጋሼ። «ዋሽቻለሁ በይ ነው ያልንሽ።»

«እሱ ራሱ ውሸት ነው ጋሼ።»

«ያኔ ያልኩሽ ፊትሽን ብቻ ነበር። ምላስሽ ይብሳል።» እስክሪብቷቸውን ከፍተው የአባላቱን ዝርዝር ከፊታቸው ሳቡ። የኔ ረድፍ ገና ባዶ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ልጻፈው ወይስ ለጎረቤትሽ ልደውል?»

ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቋቸው አጠገብ ነበር። አንሥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸውና፣ በቆሙት ሽማግሌዎች መካከል አልፌ ወጣሁ።